ከሦስት ቀብር የቀረሁበት ምክንያት

ይመር፣ ሆዴ፤

ከተለያየን ሁለት ዓመት ከአራት ወር ሆነን። ይሄን ያህል ጊዜ አንድ መስመር ሳልጽፍልህ መቆየቴን አውቃለሁ። አንተ ደብዳቤ ሲመጣ ከመጨረሻው ገጽ ነበር የምትጀምረው፤ ሰው ሞቶ እንደሆነ አስቀድመህ ለማወቅ። ስለዚህ እኔም ከመጨረሻው ልጀምርልህ። ደህና ነኝ። ቤት አለኝ። አንዲት ክፍል ናት፤ በር አላት፣ በሩ ይቆለፋል፣ ቁልፉን በክር አስሬ አንገቴ ላይ አንጠልጥየዋለሁ። እንግዲህ የሚቀጥለውን ሳትደነግጥ አንብበው።

የምጽፍልህ መነጽርህን አድርጌ ነው። አንዱ ክንዱ አንተ ባሰርክበት ጥቁር ክር እንደታሰረ ነው። ለዓይኔ ትንሽ ይበዛብኛል፣ ፊደሉን ሁሉ የበግ ያህል ያደርገዋል፤ ግን ያለሱ ምንም አላይም።

ቤታችን ፈርሷል። አከራያችን እማማ በለጡ አንተ ባረፍክ በአራተኛው ወር ተከተሉህ። ልጆቻቸው ከጅማ መጥተው ግቢውን ሊሠሩበት እንዳሰቡ በጨዋ ደንብ ነገሩኝ፣ የሁለት ወር ጊዜም ሰጡኝ። ሃያ ሁለት ዓመት የኖርንበት ቤት በአንድ ቀን ተኩል ወረደ። ያ አንተ ሦስቴ የደፈንከው፣ ዝናብ በመጣ ቁጥር ድስት የምንደቅንለት የጓዳ ጣሪያ መጀመሪያ የተነሳው እሱ ነው። የግቢውን አቮካዶ ዛፍ ብቻ ተዉት። አልረገምኳቸውም፤ ንብረታቸው ነው። የስፌት መኪናህን በሕመምህ ጊዜ ስለሸጥናት የሚጫን ዕቃም ብዙ አልነበረኝም። አልጋውንና ቁም ሳጥኑን ለጎረቤት ሰጥቼ፣ መነጽርህን፣ መቀስህን፣ መርፌህንና ስትሰፋ ጣትህ ላይ የምታጠልቃትን ብረት በአንድ ቦርሳ ይዤ ወጣሁ። የሚከራይ ክፍል ፈልጌ ነበር። ብቻዋን የሆነች፣ ልጅ የሌላት አሮጊት ስትጠይቅ ግን ክፍሉ ሁልጊዜ ትናንት ተይዟል።

መጀመሪያ አማን ሄጄ የወንድሜ ልጅ ሰናይት ዘንድ ገባሁ። የሠርግ ቀሚሷን የሰፋህላት፣ ወገቡ ጠበበኝ ብላ ሦስቴ ያስፈታችህ። ባሏ ባጃጅ ይነዳል፤ አራት ልጆች፣ ሁለት ክፍል። ማንም ክፉ አልተናገረኝም። ግን ትልቋ ልጅ አልጋዋን ለኔ ለቃ መሬት ላይ ትተኛ ነበር፤ ጧት ጧት ደብተሯን ጭኗ ላይ አድርጋ ስታንቀላፋ አያታለሁ። አሥር ወር ቻልኩት። ከዚያ ቴፒ፣ የወንድምህ ልጆች ጠርተውኛልና ወደዚያ ልሄድ ነው ብዬ ዋሸሁ። እንዴት አድርጌ እንደዋሸሁ ብታይ ትስቅ ነበር፤ የልጆቹን ስም በየተራ እየጠራሁ፣ ማን ምን እንዳለ ሳይቀር እያስረዳሁ ነው። ሰናይት አልቅሳ፣ ለመንገድ ዳቦ ጋግራ እስከ መናኸሪያ ሸኘችኝ። ሕፃኑን አዝላ ስለነበር ዝናቡን ፈርታ ቶሎ ተመለሰች።

እኔ ግን አልተሳፈርኩም። ወንድምህ ካረፈ ወዲህ ሚስቱ ራሷ በልጇ ቤት ጥግ ይዛ እንደምትኖር አውቃለሁ። ከአንዷ ልጅ አልጋ ወርጄ የሌላውን ልሻማ? ረዳቱ ቴፒ፣ ቴፒ፣ አንድ ሰው የቀረው እያለ ሲጣራ ያ አንድ ሰው እኔ ነበርኩ። ቁጭ ብዬ አየሁት። ሌላ ሰው ገባና መኪናው ሄደ።

ይመር፣ ከዚያ በኋላ አራት ወር ከምናምን መንገደኛ ሆንኩ። ይሄንን ለማንም እንዲህ አድርጌ አልተናገርኩም። በቀን መናኸሪያው አግዳሚ ላይ ቦርሳዬን ጭኔ ላይ አስቀምጬ፣ ነጠላዬን አስተካክዬ መኪና እንደሚጠብቅ ሰው እቀመጣለሁ። የሚጠብቅ ሰው አያሳፍርም፤ ማንም ምን ትሠሪያለሽ አይለውም። ሲመሽ ገበያው ውስጥ አንዲት ሙዝ ሻጭ ከሱቋ በረንዳ ላይ ያለችውን ጥግ ትተውልኛለች። የሚዛንን ዝናብ ታውቀዋለህ፣ ፈቃድ አይጠይቅም። ልብሴ ደርቆልኝ የዋልኩበትን ቀን አላስታውስም። ሚስቴ ኩራቷ ራቷ ነው እያልክ ጓደኞችህን ታስቅብኝ ነበር። እውነትህን ነው፤ ያኔ ብዙ ቀን ሌላ ራት አልነበረኝም።

ከብርዱም ከረሃቡም ይልቅ የሚያስፈራኝ ምን እንደነበር ልንገርህ፤ ጥሩምባው። የእድሩ ጥሩምባ።

ጎሕ ሲቀድ ለፋፊው በገበያው በኩል ሲመጣ ድምፁን ገና ከሩቅ እለየዋለሁ። እገሌ አርፈዋልና ቀብር በዚህ ሰዓት ሲል ሰው ሁሉ ነጠላውን እያጣፋ ይወጣል። እኔ ደግሞ ከሙዝ ቅርጫቶቹ ኋላ እገባለሁ። በምን ልብሴ፣ በምን ፊቴ ሄጄ እቆማለሁ? የት ነሽ ቢሉኝ የት ነኝ እላለሁ? አንዱን ቀብር ቀረሁ፣ ሁለተኛውን ቀረሁ፣ ሦስተኛውን ቀረሁ። ከሦስት ቀብር የቀረ አባል በደንቡ እንደሚጠየቅበት ትዝ አለኝ። አንተ የእድሩ ጸሐፊ በነበርክ ጊዜ ያንን መተዳደሪያ ደንብ ማታ ማታ ጮክ ብለህ ታነብልኝ ነበር፤ እኔም ሁልጊዜ ሦስት ቀብር የቀረ የሚለው ላይ ስትደርስ ይዞኝ የሚሄድ እንቅልፍ ነበረኝ። የቀረውን በራሴ ሞላሁት፤ ይሰረዛል ብዬ። እንግዲህ ተሰርዣለሁ አልኩ።

እድር የሌለው ሰው ማን ይቀብረዋል፣ ይመር? ስታርፍ አጠገብህ ያለችውን ቦታ በዓይኔ ለክቼ፣ ይህቺ የኔ ናት ብዬህ ነበር። አሁን ግን አንድ ጧት አግዳሚው ላይ ደርቄ ብገኝ ስሜን የሚያውቅ እንኳ የለም፤ በማዘጋጃ ቤት መኪና ጭነው የማላውቀው ቦታ ይጥሉኛል። አንተ እዚያ፣ እኔ የት እንደሆነ ሳይታወቅ። መሞቱን አልፈራሁም። ያን ግን ፈራሁት፤ እያንዳንዱ ጥሩምባ ያንን ነበር የሚነግረኝ።

መጋቢት ላይ ምሕረት የምትባል ልጅ መናኸሪያው መጥታ አጠገቤ ተቀመጠች። የቤንች ልጅ ናት፤ ንግግሯ እናቴን ያስታውሰኛል፣ ቃሉን ጫን ሳታደርግ ለስለስ አድርጋ ነው የምትለቀው። ወዴት ነዎት አለችኝ። ቴፒ አልኳት። መልካም መንገድ ብላኝ ሄደች። በማግስቱ መጣች፤ ቴፒ አልኳት። በሦስተኛው ቀን እንደገና መጣች። ሁለት መኪና ሞልቶ ሲሄድ አብራኝ ቁጭ ብላ አየች። አሁን ገመናዬ ሊወጣ ነው ብዬ ቦርሳዬን ጨበጥኩ። እሷ ግን ፊቴን እንኳ ሳታይ እንዲህ አለችኝ።

«እማማ፣ መኪናው እስኪመጣ እኛ ጋ ሻይ እየጠጡ ቢጠብቁስ?»

ነይ ልርዳሽ ብትለኝ ኖሮ አልነሳም ነበር። የኔን አመል ታውቀዋለህ። መኪና እየጠበቅኩ ስለሆነ ግን ሻይ ብጠጣ ምን አለበት? ተነስቼ ተከተልኳት። ይሄው መኪናው እስከ ዛሬ አልመጣም።

የወሰደችኝ ወደ አማን በሚወስደው መንገድ ዝቅ ብሎ ያለ ሰፊ አዳራሽ ነው። የድጋፍ ማዕከል ይሉታል። እንደ እኔ ያለ ብዙ ሰው አለበት፤ ለቡና ለቀማ መጥቶ በዚያው የቀረ፣ ከባሏ ሸሽታ የወጣች፣ ታሞ ሥራውን ያጣ፣ ሆስፒታል ሊታከም መጥቶ መመለሻ ያጣ። ጧት በዝንጅብልና በሚጥሚጣ የተፈላ የቡና ቅጠል በትልቅ ድስት ይቀርባል፣ ከጎደሬ ጋር። ከኋላ ቆርቆሮ የተመታለት መታጠቢያ አለ፤ ውኃው ትኩስ ነው። ይመር፣ ሙቅ ውኃ ጀርባዬ ላይ ሲወርድ አለቀስኩ። ድምፄን አውጥቼ ነው፤ ቆርቆሮው እንኳን የኔን ለቅሶ የዝናቡንም አይሰውርም። ስወጣ ግን ማንም ምን ሆነሽ አላለኝም። የዚያ ቤት ሥርዓት ይሄ ነው፤ መጀመሪያ ትታጠባለህ፣ ትበላለህ፣ ትተኛለህ። ስም የሚጠየቀው በሦስተኛው ቀን ነው፣ እንደ እንግዳ። የት እንደነበርክ የሚጠየቀው ደግሞ አንተ መናገር ስትጀምር ነው።

ገነት ነው እያልኩህ አይደለም። ማንኮራፋቱን ብትሰማ! ለሳሙና የሚጣላ አለ፣ ብርድ ልብስ ይዞ ጠፍቶ በሳምንቱ አፍሮ የሚመጣ አለ፣ ጭራሽ የማይመለስም አለ። ምሕረት ለሄዱትም ድስቱ ውስጥ ታስቀራለች።

በሦስተኛው ቀን ስሜን ስትጠይቀኝ ወለላ ነኝ አልኳት። ለምን እንዳልኩ ያን ቀን ራሴም አላውቅም ነበር፤ ምናልባት አስካለን ማንም እንዲህ ሆና እንዳያገኛት ብዬ ይሆናል። የሴቶቹ መኝታ በወፍራም ሸራ መጋረጃ የተከፋፈለ ነው፣ እያንዳንዷ የራሷ ጥግ እንዲኖራት። ያን ማታ ጋደም ብዬ መጋረጃውን በጣቴ ስዳስሰው ተነስቼ ተቀመጥኩ። ጠርዙ ሁለቴ ታጥፏል፣ ስፌቱ ሄዶ ተመልሷል፣ በየክንዱ ርቀት በትንሽ ቋጠሮ ተይዟል። አንተ ነህ። የእድሩ ድንኳን ነው!

ትዝ ይልሃል? በዚያ ክረምት ሸራው ቤታችንን ሞልቶት መግቢያ አጥተን በመስኮት ስንገባ? አንተ ከላይ መርፌውን ስትሰድ፣ እኔ ከታች ተኝቼ ስቤ እመልስልሃለሁ። ሦስት ሳምንት እንደዚያ። ቋጠሮውንም ያስተማርከኝ ያኔ ነው። ጨርሰህ ስታስረክብ የእድሩ ዳኛ ጋሽ ደምሴ አላምንህም ብለው ሁለት ጀሪካን ውኃ አናቱ ላይ አፈሰሱበት። አንድ ጠብታ አልገባም። አንተ ሄደህ ሦስተኛ ጀሪካን አምጥተህ ሰጠሃቸው። ያን ቀን ባሌ አንተ በመሆንህ እንዴት ኮርቼ ነበር!

እንግዲህ ድንኳኑ አርጅቶ አዲስ ሲገዙ አሮጌውን ለማዕከሉ ቆርጠውታል፤ አዳራሹም የእድሩ ነው። በኋላ እንደሰማሁት፣ አንድ ክረምት ገበያው አጠገብ ወድቆ የተገኘ ሰው ያለ አንድ አልቃሽ ተቀበረ። ጋሽ ደምሴ በስብሰባ ላይ ተነስተው፣ ለሞተ ሰው ድንኳን እየተከልን በቁሙ ላለው ጣሪያ እንዴት አጣን ብለው ጠየቁ። ከዚያ ሦስት እድሮች አዳራሽ፣ ድስትና አግዳሚ አዋጡ። ሁሉም ከቀብር እስከ ቀብር ሥራ ፈቶ የሚቀመጥ ዕቃ ነው።

እኔ ግን ያኔ ይሄን ሁሉ አላሰብኩም። ከድጡ ወደ ማጡ ገባሁ ነው ያልኩት። ከእድሩ ስሸሽ ከርሜ መጥቼ እድሩ ጓዳ ውስጥ ተኛሁ! በማግስቱ ልወጣ ቦርሳዬን አነሳሁ፤ ደጅ ዝናብ፣ እጄ ላይ ትኩስ ጎደሬ። ቦርሳዬን መልሼ አስቀመጥኩት። አንድ ቀን ብቻ አልኩ። በዚያች አንድ ቀን ላይ ሌላ ሁለት ወር ጨመርኩባት። ጋሽ ደምሴ ዓርብ ዓርብ ይመጣሉ፤ ዓርብ ዓርብ መታጠቢያ ቤት እገባና የገላዬ ቆዳ እስኪላጥ እታጠባለሁ። ምሕረት ይህቺ ሴትዮ ንጽሕና ትወዳለች ሳትል አልቀረችም።

ያጋለጠኝ እጄ ነው። አንዲት ልጅ የመጋረጃውን ጠርዝ በሚስማር ቀደደችው። አንድ ቀን አየሁት፣ ሁለት ቀን አየሁት። ስፌትህ እንደዚያ ተተርትሮ እያየሁ እንቅልፍ እንዴት ይወስደኛል? ከቦርሳዬ መርፌውን አውጥቼ፣ ያቺን ብረት ጣቴ ላይ አጥልቄ፣ እንዳስተማርከኝ አጥፌ፣ ሄጄ ተመልሼ ሰፋሁት፣ ቋጠሮውን አሰርኩ። ምሕረት በኋላ እንደነገረችኝ፣ ዓርብ ጋሽ ደምሴ ጣሪያውን ሊያዩ ገብተው መጋረጃው ጋ ቆሙ። አዲሱን ክር በጣታቸው ተከተሉት፤ ቋጠሮው ላይ ሲደርሱ ጣታቸው ቆመ። እኔ መታጠቢያ ቤት ነበርኩ። ስወጣ በሩ ላይ ቆመው አገኘኋቸው።

«ይመር ሞቷል» አሉኝ። «ይሄን ስፌት ከሱ ሌላ የምታውቅ አንዲት ሴት ናት።»

ነጠላዬን ፊቴ ላይ ብስብም አልሆነም።

«ከሦስት ቀብር የቀረ አባል ምን እንደሚደረግ ታውቂያለሽ?»

«ይሰረዛል» አልኩ።

«ማን እንደዚያ አለሽ? ባልሽ ነው እኮ የጻፈው። ከሦስት ቀብር የቀረ ሰው ምን አግኝቶት እንደሆነ ሁለት ሰው ቤቱ ድረስ ሄዶ ይጠይቀው ነው የሚለው። ቤትሽ ብንመጣ ቤቱ የለም። ሰናይትን ብንጠይቅ ቴፒ ናት አለችን። ቴፒ ሁለት ጊዜ ሄድን፣ አስካለ። ሁለት ጊዜ።»

ይመር፣ አንተ እንደዚያ ብለህ ጽፈኸው ኖሯል! እኔ ግማሹን ሰምቼ ስተኛ ግማሹን ማን ይንገረኝ። እነሱ እኔን ፍለጋ ቴፒ በሚኒባስ ሲንከራተቱ፣ እኔ እዚሁ መናኸሪያ ቁጭ ብዬ ሲሳፈሩ አይቻቸው ይሆናል። ሳቄ መጣ፣ ከሳቁ መሐል ለቅሶው መጣ። ጋሽ ደምሴም መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉ፤ እንፋሎቱ ነው አሉ። ምሕረት ሮጣ መጥታ ወለላ ምን ሆኑ ስትል፣ ወለላ አይደለሁም አልኳት። እሷም አውቃለሁ አለች። ስትጠራኝ ሁልጊዜ ሁለተኛው ጥሪ ላይ ነበር የምሰማው።

ከዚያ በኋላ ያለው ቶሎ ነው የሆነው፤ ቶሎ ስልህ በቢሮ አቆጣጠር ነው። መታወቂያዬ ጊዜው አልፎበት፣ የማስመዘግበው የቤት ቁጥር ስላልነበረኝ ሊታደስ አልቻለም ነበር። የማዕከሉን ቁጥር አስያዙልኝ፤ ሁለት ሰው ሄዶ ቀበሌ መሰከረልኝ። ሰናይትን አስጠሯት። መጥታ መጀመሪያ አለቀሰች፣ ቀጥላ ተቆጣችኝ፣ ልክ እናቷን ነው የምትመስለው ስትቆጣ። ምሕረት መሐላችን ቁጭ ብላ ሁለታችንም እስኪበቃን ጠበቀችን። አሁን እሁድ እሁድ እሷ ቤት ነኝ፤ ትልቋ ልጅ አልጋዋ ላይ ነው የምትተኛው።

ክፍሏን ያገኙልኝ ከማዕከሉ ብዙ ሳትርቅ፣ ከአንድ የእድሩ አባል ጓሮ ነው። መስከረም ላይ ገባሁ። በነፃ አይደለም፣ ያንንማ እኔም አልቀበለውም። ጧት ማዕከሉ ሄጄ ጎደሬ እልጣለሁ፣ ከሰዓት የተቀደደ ሁሉ ይሰበሰብልኛል፤ ብርድ ልብስ፣ ሱሪ፣ የትምህርት ቤት ቦርሳ። ለሁለት ሴቶችም ስፌት እያስተማርኩ ነው። አንደኛዋ እጇ ፈጣን ነው፣ አንተ ብታያት ትወዳት ነበር። ሌላዋ እንደ እኔ ደንብ ሲነበብላት የምትተኛ ዓይነት ናት።

አሁን መጨረሻ ላይ የሞተ ሰው አለ ብል አትደንግጥ፤ ለዚህ ነው የጻፍኩልህ።

ማዕከሉ ውስጥ ጋሽ ላምቦሬ የሚባሉ ሽማግሌ ነበሩ። በወጣትነታቸው ከከምባታ ለቡና ለቀማ መጥተው፣ ዘንድሮ እመለሳለሁ፣ ዘንድሮ እመለሳለሁ ሲሉ እዚሁ ያረጁ። ዘመድ የሚባል የላቸውም። ቀልደኛ ነበሩ፤ እኔን የቴፒ መንገደኛ እያሉ ነበር የሚጠሩኝ። ሐምሌ ላይ የእድሩ ጠቅላላ ስብሰባ ሲጠራ ጋሽ ደምሴ፣ ማዕከሉ እንደ አንድ ቤት ይቆጠር፣ ውስጡ ያለ ሁሉ አባል ይሁን የሚል ሐሳብ አቀረቡ። ደግፎ የተነሳ ብዙ ነው፤ የተቃወመም አለ። አንድ ነጋዴ፣ ክፉ ሰው አይደለም፣ እድር የቤት ነው፣ ቤት የሌለው በምን ይመዘገባል አለ። ይመር፣ እኔ በስብሰባ ተናግሬ አላውቅም፤ ለዚያ አንተ ነበርክ። ግን ራሴን ቆሜ አገኘሁት።

«ጥሩምባ ሲነፋ መደበቅ ምን እንደሆነ ከዚህ መሐል የማውቀው እኔ ብቻ ነኝ» አልኩ። «እኔን ጠይቁኝ።»

ሌላም ልናገር ነበር፤ ነጠላዬን ሰብስቤ ተቀመጥኩ። ነጋዴው ራሱ ነው መጀመሪያ እጁን ያወጣው።

ባለፈው ሳምንት ጋሽ ላምቦሬ በእንቅልፋቸው አረፉ። ጎሕ ሲቀድ ክፍሌ ውስጥ ሆኜ ጥሩምባውን ሰማሁ። ሰውነቴ እንደ ልማዱ ሊሸሸግ ተነሳ፤ ከዚያ የት እንዳለሁ አስታወስኩ። ለፋፊው በመንገዱ ሲያልፍ ስማቸውን ከነአባታቸው ጠራ፤ የማዕከሉ ቤት አባል ጋሽ ላምቦሬ ስላረፉ አለ። ነጠላዬን አጣፋሁ፣ በሬን ቆለፍኩ፣ ቁልፉን አንገቴ ላይ አደረግኩ፣ ወጣሁ። ቡናው እንዲደርቅ በየደጁ ተሰጥቷል፣ ከተማው በለቃሚ ተሞልቷል፤ ብዙዎቹ ሰምተው ከመንገድ ተቀላቀሉን። አዲሱ ድንኳን ማዕከሉ በር ላይ ተተከለ። ስፌቱን ዳስሼዋለሁ፣ የመኪና ነው፤ ያንተን አያክልም። የጴንጤዎቹ መዘምራን ዘመሩላቸው፣ እኛም ከኋላ አለቀስንላቸው። እኔ ጮክ ብዬ ነው ያለቀስኩት፤ ግማሹ ለሳቸው፣ ግማሹ ከላዬ ለወረደው ጭንቅ። ከቀብሩ ስንመለስ ሆዴ ቅልል ብሎኛል። ያን ሁሉ ወር ማን ይቀብረኛል ስል የነበረው ጥያቄ ዓይኔ እያየ መልስ አገኘ።

ከዚያ እንደ ወጉ ስም ተጠራ። ጸሐፊው መዝገቡን ገልጦ ቤት ቤቱን ይጠራል፣ የመጣው አለሁ ይላል። ተራው ሲደርስ ምን እንደሚል ጠብቄ ነበር፤ አስካለ ይላል፣ ወይም ያቺ የልብስ ሰፊው ሚስት ይላል ብዬ።

«የይመር ቤት» አለ።

አልሰረዙህም፣ ሆዴ። ቤቱ ፈርሶ፣ አንተ አልፈህ፣ እኔ መንገድ ላይ ወድቄ፣ በዚያ ሁሉ ጊዜ መዝገቡ ላይ የይመር ቤት ቆሞ ነበር። በየቀብሩ ይጠሩሃል፤ መልስ የሚሰጥ ብቻ ነው የጠፋው።

ከእንግዲህ አይጠፋም፤ ቃሌ ነው። አጠገብህ ያለችውን ቦታ ጠብቅልኝ፣ ግን አትቸኩል፤ ገና የማስተምራት ሴት አለችኝ፣ የሚጠገን መጋረጃም አለ። እስከዚያ ጥሩምባ በተነፋ ቁጥር እወጣለሁ፤ ስምህ በተጠራ ቁጥር ባለፈው ሳምንት ያልኩትን እላለሁ።

«አለን።»

ያንተው አስካለ
ሚዛን፣ ኅዳር